ደወሉ የወረደበት ቀረጻ

ወንድሜን አንቱ ነው የምለው። የሚበልጠኝ በአራት ዓመት ብቻ ነው፤ አንድ መደብ ላይ ተኝተን፣ አንድ የሱፍ ባና ከላያችን ላይ እየተጓተትን ነው ያደግነው። መሪጌታ ከሆነ ወዲህ ግን እናታችን ሳትቀር አንቱ ትለው ስለነበር እኔም ተከተልኳት፤ አፌም ለመደ። እዚህ ላይ ግን እሱ እለዋለሁ። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ እሱም አያነበውም፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል።

ልጽፍ የተነሣሁት ስላደረግሁት አንድ ነገር ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ መሣሪያ ላይ አርባ ስምንት የሚል ቁጥር ነበር፤ ሌላው ላይ አርባ አራት ነጥብ አንድ። ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው። አንድ እንዳልሆኑ አወቅሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መሐል ሜዳ ላይ ካሴት ቤት ነበረኝ። ባሌን ሞላሌ ትቼ ስመጣ ይዤው የመጣሁት ልብሴንና አንድ ባለሁለት አፍ ቴፕ ነው። ባሌን ለምን እንደ ተውኩት እዚህ አይገባም። በዚያች ቴፕ መዝሙርና ቅዳሴ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው እየገለበጥኩ ኖርኩ። ገበያ የወጣ ወንድ ሁሉ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «ይቺ ሴትዮ የሽቦ ሥራ ከየት ተማረች?» ሳይል አያልፍም ነበር። አንደኛውማ፣ ዛሬ ሽማግሌ ተብሎ የፊት ወንበር የሚለቀቅለት፣ «ባሏን ስትተው ቴፑን አልተወችም» ብሎ ገበያተኛውን አስቆብኛል። አልረሳሁም። ካሴት አለፈ፣ ሲዲም አለፈ፤ ዛሬ ሁሉም የሚሰማው ስልኩ ውስጥ ባለች ካርድ ነው። እኔ ግን አላለፍኩም። ላፕቶፕ አለኝ፣ ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ሳውንድ ካርድ አለኝ፣ ለሠርግና ለንግሥ የማከራየው ድምፅ ማጉያ አለኝ። ያ ሰውዬም የልጁ ሠርግ ላይ ማይኩ እንቢ ሲለው ሰው ልኮ አስጠርቶኛል። ሄጄ ሠራሁለት። አላመሰገነኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የደብራችን አስተዳዳሪ ሱቄ ድረስ መጡ። ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ቄስ ናቸው። ቁጭ በሉ ብላቸው አልተቀመጡም።

«የወንድምሽን ዜማ ልንቀርጸው አስበናል» አሉ። «ትንፋሻቸው እያጠረ ነው። ከአባታችሁ የተቀበሉት አብሯቸው እንዳይቀር።»

«እሳቸው እሺ አሉ?»

«ብለዋል። ሌላም ነገር አለ።» ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «የኔታ አርጅተዋል የሚል ወሬ አለ። በሰኔ ንግሥ ማኅሌቱን ማን ይምራ የሚለው ተነሥቷል። ከራቤል የመጣው ወጣት መሪጌታ ድምፁ ደህና ነው፤ ደግሞም የሚደግፉት አሉ። በመጨረሻ የደብሩ ጉባኤ ቀረጻውን ሰምቶ ይወስን ተባለ። ካማረ መሪነቱም፣ ማስተማሩም እንደ ድሮው በእሳቸው ይጸናል። ካላማረ ያርፋሉ።»

«ቀረጻውስ ያምራል» አልኳቸው። ይህን ስል ያሰብኩት የራሴን ሥራ ነበር።

ስለ ወንድሜና ስለ እኔ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ያደረግሁት ዝም ብሎ ክፋት ይመስላል። ቢነገርም ክፋትነቱ አይቀርም።

አባታችን የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በግቢያችን ዙሪያ ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ዜማ የሚገባው በጆሮ ነው። መምህሩ ያሰማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ትንፋሽ የተወሰደበት ቦታ እንኳ ሳይቀር እንደ ሰማው እስኪመልስ ድረስ አይለቁትም። መምህሩ መሐል ላይ ቢያስሉ ሳሉን ጭምር ተቀብሎ የሄደ ተማሪ ነበር እያሉ አባታችን ይስቁ ነበር። እኔ ሴት ስለሆንኩ ከተማሪዎቹ ጋር አልቀመጥም። ከግድግዳው ማዶ ሱፍ እየፈተልኩ እሰማለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ወንድሜ የሚያውቀውን ሁሉ አውቅ ነበር፤ እሱ የረሳውንም ጭምር።

አንድ ቀን አባታችን ሲጠይቁት አራራዩ ጠፋው። አራራይ ቀጠን ብሎ ከፍ የሚል ዜማ ነው፤ መነሻው ላይ ዝቅ ካሉ እስከ መጨረሻው አይቃናም። ቆመ። ተማሪዎቹ ያዩታል። እኔ በግድግዳው ስንጥቅ አፌን አስጠግቼ፣ በትንፋሽ ያህል፣ መነሻውን ሰጠሁት። ያዘው፤ አድርሶም ጨረሰው።

«ማን ሰጠህ?» አሉ አባታችን።

«ማንም አልሰጠኝም።»

«ከግድግዳው ኋላ ማን አለ?»

«እሷ ናት» አለ ወንድሜ። «እያሾፈች ነው። ሁልጊዜ ስንማር ታሾፍብናለች።»

በዜማ የምታሾፍ ሴት ልጅ መምህር ቤት አታድግም ተባለ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያው ዓመት ለሞላሌ ሰው ተዳርኩ። ወንድሜ በቅሎዋን ስቦ ወንዙን አሻገረኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅሁት። ከወንዙ ማዶ ስንደርስ፣ «ልጓሙን ላላ አድርጊው» አለኝና ተመለሰ።

ይህን ሰበብ ላድርገው ብዬ አይደለም። በቀረጻው ቀን አብሮኝ የነበረው ይኸው ስለሆነ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከምእመናን ባሰባሰበው ገንዘብ አዲስ ሚክሰር፣ የማይኮቹን ድምፅ የሚያዋህድ መሣሪያ፣ ገዝቶ ነበር፤ ዲጂታል የሚሉት ዓይነት። ከእኔ ሳውንድ ካርድ ጋር በአንዲት ቀጭን ገመድ ይገናኛል። በዚያች ገመድ የሚያልፈው ድምፅ በቁጥር ሆኖ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው በሸማኔ ነው የማስረዳው። መሣሪያው ድምፁን ይቆራርጠዋል፤ አንዱ በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ፣ ሌላው አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ጊዜ። ባና የሚሠራ ሸማኔ አስቡ። አንዱ ሸማኔ በአንድ ስንዝር አርባ ስምንት ክር ያስገባል፤ ሌላው ከአርባ አራት ትንሽ ይበልጣል። ለመጀመሪያው የተቆጠረውን ክር ለሁለተኛው ብትሰጡት ክሩ ያው ነው፤ ባናው ግን ረዝሞ፣ ሳስቶ ይወጣል። ድምፅም እንደዚያው ይረዝማል፤ ሲረዝምም ይወርዳል።

ሌላው ጣጣ ክሎክ የሚሉት ነው። ሁለት መሣሪያዎች ሲገናኙ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው የሱን ቆጠራ ይከተላል። ሁለቱም በየራሳቸው ከቆጠሩ፣ ማኅሌት ላይ የቀኙና የግራው ከበሮ በየፊናው ሲመታ ማለት ነው።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ በደብሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰናዳን። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ወጣት መምህርት ናት፤ ወንበሩን አመቻቸችለት። ወንድሜ በርኖሱን ደርቦ፣ መቋሚያውን ይዞ ገባና ማይኩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ዛሬ ደግሞ ትንፋሼን ልትቆጥሪው ነው?» አለኝ።

«አንቱ ይዘምሩ እንጂ ቆጠራውን ለእኔ ይተዉት።»

«እህቴ እኮ ናት» አላት ሰብሳቢዋን። «ከልጅነቷ ከግድግዳ ኋላ ሆና መስማት ትወዳለች።»

ሰብሳቢዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ረስቶታል ብዬ ነበር፤ አልረሳውም። ሃምሳ ዓመት ይዞት ኖሮ ለጨዋታ አወጣው።

መጀመሪያ ስንሞክረው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ገባበት፤ ገብስ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ የሚመስል።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሁለቱም በየራሳቸው እየቆጠሩ ነው።»

ሳውንድ ካርዱን ክሎኩን ከሚክሰሩ እንዲቀበል አደረግሁት። ጠቅታው ወዲያው ጠፋ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሳውንድ ካርዱ ሚክሰሩን ተከትሎ አርባ ስምንት ሆነ፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው መቅረጫ ፕሮግራም ግን እኔ ድሮ ባስቀመጥኩበት በአርባ አራት ነጥብ አንድ ላይ ቀረ። እሱን አላየሁም። የካሴት ሰው ነኝ፤ ኮሽታው ሲጠፋ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ጆሮዬ ላይ ያደረግሁት ማዳመጫም የተሰካው ሚክሰሩ ላይ ስለነበር የምሰማው ድምፅ ትክክለኛው ነው። እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ስሕተት ማንም ይሠራል፤ እሱ አያሳፍረኝም።

ወንድሜ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ዘመረ። እውነቱን ልናገር፤ ትንፋሹ አጥሯል እንጂ ድምፁ አልወረደም። አራራዩን አባታችን ከሚያነሡበት ነው ያነሣው። ሊጨርስ ሲል የቅዳሴው ደወል ተደወለ። የደብራችን ደወል ድንጋይ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ጥቁር ድንጋዮች ከወይራ አግዳሚ ላይ በጠፍር ተንጠልጥለዋል፤ በሌላ ድንጋይ ነው የሚመቱት። እናቁም ብዬ እጄን አነሣሁ። ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ። ደወሉም አብሮ ገባ።

በማግሥቱ ሱቄ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ወደ ፍላሽ ልገለብጠው ከፈትኩት። የወንድሜን ድምፅ ስሰማ መጀመሪያ ምንም አላልኩም። ከበድ አለብኝ፤ ድካም መሰለኝ። የሱ ድምፅ እንዲህ ነበር እንዴ ብዬ ትናንት በሰማሁት ላይ ራሴን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ደወሉ ተመታ።

ያ ደወል እኔ ከመወለዴ በፊት የተሰቀለ ነው። ስዳር በቅሎ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ከሞላሌ ስመለስም መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። ሁለቱን ድንጋዮች ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ከአንዱ እለያቸዋለሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ግን እነሱ አልነበሩም። ከሌላ አገር፣ ከቆላ የመጣ ወፍራም ድንጋይ ነው የሚመስለው። የሰው ጉሮሮ ያረጃል፤ ድንጋይ በአንድ ቀን አያረጅም።

ቁጥሮቹን አየሁ። ሃምሳው ደቂቃ ሃምሳ አራት ሆኗል። የፕሮግራሙን ሳይ አርባ አራት ነጥብ አንድ ይላል። ሁሉም ገባኝ። ለማቃናት ፋይሉ አርባ ስምንት መሆኑን ለፕሮግራሙ መንገር ብቻ ነው፤ ሻሽ የማስርበትን ያህል ጊዜ እንኳ አይወስድም። እጄ ማውሱ ላይ ነበር። «ከግድግዳ ኋላ ሆና መስማት ትወዳለች» ያለው ትዝ አለኝ። ነገ አየዋለሁ ብዬ እንዳለ ገለበጥኩት። ነገ እንደማላየው ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። አስተዳዳሪው፣ ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የራቤሉ መሪጌታ፣ ሰብሳቢዋ አሉ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ፣ መቋሚያውን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። ፍላሹን ሰካሁ፤ ድምፁ ወጣ።

ትንሽ እንደሄደ ሰዉ መተያየት ጀመረ። ያ ሽማግሌ፣ የቴፑ ነገር ያለው፣ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ «ባትሪው አልቆ ነው?» አለ። የካሴት ዘመን ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባትሪ ሲደክም ቴፕ እንደዚያ ስለሚያላዝን። እሱ ለቀልድ ያለው እውነቱን ሊነካው ምንም አልቀረውም ነበር። አስተዳዳሪው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ንገሪን» አሉ። «መሣሪያው ደህና ነው?»

«መሣሪያው ደህና ነው» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዝም ብል ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ ዝምታ ከወንድሜ የተማርኩት ነው እል ነበር። እኔ ግን በግልጽ ተጠየቅሁ፤ በግልጽ ዋሸሁ። እሱ ያን ጊዜ ሲዋሽ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱን ፈርቶ ነው። እኔ ማንንም አልፈራሁም።

ደወሉ ጋ ሲደርስ ወንድሜ ቀና አለ። ጣራውን አየ፤ ከዚያ መልሶ አቀረቀረ። ደወሉን ሌላ ያስተዋለው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያዳምጠው ሰውዬውን ነበር።

«የኔታ፣ ምን ይላሉ?» አሉት አስተዳዳሪው።

«እናንተ የሰማችሁትን ሰምቻለሁ» አለ። «ልረፍ።»

ማኅሌቱን የራቤሉ መሪጌታ እንዲመራ፣ ዜማው ግን የአባቶች ስለሆነ ተማሪዎቹ ከካርዱ እንዲያጠኑት ተወሰነ። ቀረጻውን ለየስልካቸው የገለበጥኩላቸው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ደብቄ ሌላውን ብናገር ዋጋ የለውም። ሻይ ስጠጣ፣ መጋረጃ ስሰቅል፣ አንዳች ነገር የተመለሰልኝ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ተማሪዎቹ የወንድሜን ግቢ ለቀው ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ አየሁ። ጎጆዎቹ ባዶ ቀሩ። ወንድሜ ገበያ ሲወጣ በሱቄ በኩል ያልፋል፤ ድሮ ገባ ብሎ በነገር ሳይነክሰኝ አይሄድም ነበር። አሁን ዝም ብሎ ያልፋል። ንክሻው ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ሰኔ ደረሰ፤ ታቦቱ ወጣ። ዝናቡ ገና አልገባም፤ ከሞላሌ ሳይቀር ሕዝብ መጥቷል። ተማሪዎቹ ነጭ ለብሰው በሁለት ወገን ቆሙ። አራራዩን አነሡት።

ከመጀመሪያው ቃል ምን እንደሠራሁ አወቅሁ። ያነሡት ካርዱ ላይ ካለው ነው። ወርዶ፣ ረዝሞ፣ እግር እየጎተተ ነው የሚሄደው። ትንፋሽ የሚወስዱት ወንድሜ በወሰደበት ቦታ ነው፤ ግን ትንፋሹ ራሱ ረዝሟል። ያን የሳል ተማሪ አስታወስኩ። የሰሙትን ነው የመለሱት፤ አንዲት ፍሬ አላጎደሉም፤ አንዲት ፍሬም አልጨመሩም። የራቤሉ መሪጌታ ከበሮውን ፈጠን እንዲያደርጉት በእጁ አሳያቸው፤ እነሱ ግን እንደ ተማሩት ቀጠሉ። በኋላ ሲጠይቃቸው፣ «የጥንቱ ከባድ ነው፤ የኔታ እንዲህ ነው የሚሉት» አሉት። ከሞላሌ የመጡት ካህናት ሳቃቸውን ለመደበቅ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ወንድሜ ከግንቡ ሥር በርኖሱን ተከናንቦ ተቀምጧል። እኔ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ስለነበርኩ ብዙም አልራቅሁትም። ሰብሳቢዋ ውኃ ይዛለት መጣች።

«ይኼ የማን ዜማ ነው?» ሲላት ሰማሁ።

«የእርስዎ ነው እንጂ የኔታ።»

«የእኔ?»

«ቃል በቃል ነው ያጠኑት። ሦስት ወር ሙሉ።»

ውኃውን ተቀበላትና ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረም። ወንዙን ካሻገረኝ ወዲህ እንደዚያ ቀን እንዲናገረኝ የፈለግሁበት ጊዜ የለም፤ ቢሰድበኝ፣ በመቋሚያው ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው።

«አንድ ነገር ላሰማዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠግቤያለሁ» አለ።

«አንዴ ብቻ ይስሙኝ።»

ጎኑ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። መጀመሪያ ጉባኤው የሰማውን አሰማሁት፤ ደወሉ ያለበትን። ከዚያ ቁጥሩን አርባ ስምንት አደረግሁና ያንኑ ቦታ ደገምኩለት። ድምፁ ተነሣ። ደወሉ ተመታ፤ ሁለቱ ድንጋዮች፣ የራሳችን። በዚያው ሰዓት አካባቢ ከደብሩ በኩል ደወል ቢሰማ ኖሮ አይለዩም ነበር።

ጆሮውን ወደ ላፕቶፑ አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ «ድገሚው» አለ። ደገምኩት። «አንዴ ደግሞ።» ሦስተኛ ደገምኩት። ፊቱ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«እኔ ደወሉን ያን ቀን ሰምቼዋለሁ» አለ። «ወርዶብኛል። ሰው ሁሉ ዝም ሲል፣ አንቺም ደህና ነው ስትይ፣ ጆሮዬ ነው የሄደው አልኩ። ድምፅ ቢሄድ ምንም አልነበረም፤ ተማሪ ይተካዋል። ጆሮ የሌለው ሰው ምን ያስተምራል? ለዚያ ነው ልረፍ ያልኩት።» ጉልበቱን በእጁ አሻሸ። «እነዚህን ወራት ቤተ ክርስቲያን ስቆም ቅዳሴውን በትክክል እየሰማሁ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። አንቺ ድምፅሽ ራሱ ያንቺ ይሁን የሌላ ሰው እጠራጠር ነበር።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ድምፁን የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጆሮውን ነው የወሰድኩበት።

«ቁጥሩ እንደተሳሳተ መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

በቅርቡ ነው ልል እችል ነበር። ንግሥ ላይ ነው የነቃሁት ብለው ያምነኝ ነበር፤ ስለ መሣሪያ ምን ያውቃል።

«በማግሥቱ» አልኩት። «ከጉባኤው በፊት አውቄያለሁ። አውቄ ነው የተውኩብህ።»

አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ሰማው፤ አላረመኝም።

«ለዚያ ለአራራዩ ነው?» አለ።

«ለእሱ ነው።»

«መነሻውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ለአባባ በኋላ ልነግራቸው አስቤ ነበር።» መቋሚያውን አንሥቶ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። «አልነገርኳቸውም። ሲሞቱም አልነገርኳቸውም።»

ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ልጠይቅ ይገባ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምላሴ ግን አልታዘዘኝም። ላፕቶፔን ጠቅልዬ ስነሣ፣ «እነዚያ ልጆች ሦስት ወር ነው የደከሙት» አለ። «ለራሴ አይደለም። ልጆቹ ሳይለምዱት ሄደሽ ንገሪ።»

እሑድ ጉባኤው ፊት ቆምኩ። ያ ሽማግሌም የፊት ወንበሩ ላይ አለ። ከቤቴ ስወጣ ሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። የመጀመሪያውን ተናገርኩ፤ «መሣሪያው ደህና አልነበረም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ የየኔታ ድምፅ አልወረደም» አልኩ። ትክክለኛውንም አሰማኋቸው። ሰው ተንጫጫ፤ አስተዳዳሪው ራሳቸውን ያዙ። ሽማግሌው፣ «ባትሪው ነው ብዬ አልነበር?» አለ፤ እንደገና ሳቁ። «እትዬ፣ ማንም ይሳሳታል» አለች ሰብሳቢዋ፤ እጄንም ያዘችኝ። ወንድሜ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ያየኛል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እየጠበቀ ነበር። ዋጥኩትና ተቀመጥኩ። እሱም አልተናገረም። ያን ጊዜ የተናገረው ውሸት ነው ያጠፋኝ፤ አሁን ዝም ማለቱ ነው ያዳነኝ። የቱ እንደሚከብደኝ አላውቅም።

መሪነቱን መልሰው ሊሰጡት ፈልገው ነበር፤ ለወጣቱ ተወለት። ማስተማሩን ግን ያዘ። በፍልሰታ ጾም ዜማውን እንደ አዲስ ቀረጽነው። ሚክሰሩ ላይ አርባ ስምንት ብዬ በፕላስተር ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ ላፕቶፑም ላይ እንደዚያው። ወንድሜ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ተማሪዎቹ ዙሪያውን ሞልተውታል።

«ቁጥሩን አየሽው?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«የሁለቱንም?»

«የሁለቱንም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ደወሉ ይመታ» አለ። «ቀርጸሽ መልሰሽ አሰሚኝ። ከዚያ እኔ እጀምራለሁ።»

ደወሉ ተመታ፤ ቀረጽኩት፤ መልሼ አሰማሁት። አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀና ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ደብር ማንኛውም ቀረጻ ሲጀመር አስቀድሞ ደወል ይመታል። እሱ በሌለበትም ይመታል፤ የራቤሉም መሪጌታ ይዞታል፤ ተማሪዎቹ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው ብለው ለአዲስ ገቢው ያስረዳሉ። ደወሉ ሲመታ እኔ ከመሣሪያዬ ኋላ ሆኜ አቀረቅራለሁ፤ የሚያዩኝ ጸሎት ላይ ያለሁ ይመስላቸዋል። ያልተናገርኩት ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር «አውቅ ነበር» የሚል ነው። ከወንድሜ በቀር የሰማው የለም፤ እዚህ ጽፌዋለሁ።